አልነካኝም

ግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ በታች፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ጠባሳ አለ። ገበያ ስወጣ የማያውቁኝ ሴቶች እንኳ እጄን ይዘው ያዩታል። «ነብር የቧጨራት ልጅ እሷ ናት» ይባባላሉ። ልጆቻቸውን ጠርተው የሚያሳዩም አሉ። እኔ ዝም ብዬ ክንዴን እሰጣቸዋለሁ፤ አይተው ሲጨርሱ እጅጌዬን እመልሳለሁ። ነገሩ ግን እነሱ እንደሚሉት አይደለም። ነብሩ አልነካኝም። ይህቺን አንዲት ቃል በሰዓቷ ጮክ ብዬ ብናገራት ኖሮ ነብሩ በሕይወቱ ወደ ገደሉ ይመለስ ነበር። አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ነው የምጽፍላችሁ፤ በአፌ ለመናገር እስከ ዛሬ ስላልሆነልኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜ ፋጡማ ነው፣ ቤት ውስጥ ፋጤ ይሉኛል። መንደራችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል ሲወጣ ከገደሉ ሥር ናት። ከደጃችን ቆመን ቁልቁል ስናይ ውሃው ይታየናል፣ ሽቅብ ስናይ ገደሉ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። ሰነፍ ሆኜ አይደለም። መምህሩ «ተነሺና አንብቢ» ሲሉኝ ፊደሉን እያየሁት ድምፄ ይጠፋል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ። በጽሑፍ ግን የሚቀድመኝ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልክ የላከችልኝ እሷ ናት። እሷ በድምፅ ትልክልኛለች፣ እኔ በጽሑፍ እመልሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ለማን ብለሽ ነው የቆጠብሽው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ወሩ ኅዳር ነበር። ማሽላው ታጭዶ ገና አልተወቃም። በዚያ ሰሞን ከመንደሩ ሦስት ውሾች ጠፍተዋል። ሰው ሁሉ «ጅብ ነው» ሲል ጎረቤታችን ጋሽ አበጋዝ ብቻ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «ጅብ ሌባ አይደለም፣ ጮሆ ነው የሚመጣ። ይሄ ድምፅ የለውም» አሉ። ጋሽ አበጋዝ ክርስቲያን ናቸው፤ ቤታቸው ከአጥራችን በታች ነው። ሥጋ ለየብቻ እንበላለን እንጂ ሌላው ነገራችን አንድ ነው።

ያን ቀን ጠዋት እናቴ ሦስት ጊዜ ቤቱን አስጠረገችኝ። ከአርዲቦ በኩል ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ልጁ ከሳዑዲ ተመልሶ ሱቅ የከፈተ ነው አሉ፤ እኔ አይቼው አላውቅም። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ የተፈለገችው ልጅ ቤት ውስጥ መገኘት ነውር ነው፤ ዓይን አውጣ ያሰኛታል።

«ጋሽ አበጋዝ ቤት ሂጂና እስኪሄዱ ቆዪ» አለችኝ እማ። «ባለቤታቸው ገበያ ወርዳለች፣ ቤቱ ባዶ ነው። ከዚያ ንቅንቅ እንዳትይ።»

እሺ አልኳት። እሷ ወደ ማድቤት ሄደች። እኔ መጥረጊያውን አስቀምጬ ልወጣ ስል የአጥሩ በር ሲከፈትና አባቴ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ሲል ሰማሁ። ቀድመው መጥተዋል። ቤታችን ያለው በር አንድ ነው። ብወጣ ፊት ለፊት ልጋጠማቸው ነው። መሰላሉ አጠገቤ ነበረ፤ ሁለት ጊዜ ሳላስብ ቆጥ ላይ ወጣሁና ከአምናው የማሽላ ጆንያዎች ኋላ ተጋደምኩ። ወዲያው ገቡ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ሼህ ዑመር ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ናቸው። ሁለተኛው የልጁ አጎት እንድሪስ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ከድምፁ የባሰ። ሦስተኛው አይናገርም ነበር፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ አባ።

«ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አለ እንድሪስ። «ለመቀመጥማ ቤታችንም መደብ አለ።»

«ቀስ በል አንተ፣ ዱዓ አልተደረገ!» አሉት ሼሁ።

ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ተቀመጡ። እኔ እስትንፋሴን ይዤ እሰማለሁ። «አሕመድ፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን» አሉ ሼህ ዑመር። አባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅቷ ገና ናት...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በላይ አልሰማሁም፤ ውጭ ውሻችን ቡሬ አለቀሰ። ጮኸ አላልኩም፣ አለቀሰ ነው ያልኩት።

ቡሬ የደጅ ውሻ ነው፣ ደፍ አልፎ አያውቅም። ያን ቀን በሼሁ ጉልበት መሐል ገብቶ አልጋ ሥር ተወሸቀ። ከኋላው አንድ ቢጫ ነገር ገባ። መጀመሪያ ጥጃ መስሎኝ ነበር።

«ነብር!» አለ እንድሪስ።

ከላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ደሜ ቆሞ ነበር። ሼህ ዑመር «አዑዙ ቢላህ!» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ከሁሉም ቀድመው ወጡ። ቡሬ ከአልጋ ሥር ወጥቶ በሦስተኛው ሰውዬ እግር ሥር ሾልኮ አመለጠ። አባ ተገፍቶ ወጣ። ነብሩ ውሻውን ተከትሎ ሊወጣ ወደ በሩ ሲዞር እንድሪስ በሩን ከውጭ ጓ አድርጎ ዘጋው፤ ሰንሰለቱ ሲያልፍ ሰማሁ።

«ያዝኩት! ቆልፌበታለሁ!»

«ማንን ነው የያዝከው?» አለ አባ። «ቤቴ ውስጥ ነው'ኮ ያለው!»

«የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ሲባል አልሰማህም?» አሉት ሼሁ እንድሪስን፣ እያለከለኩ። «በል እንግዲህ ልቀቀው!»

ያ ዝምተኛው ሰውዬ ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት። «ውሻው ልብሴን ነካኝ። ዙሁርን በምን ልሰግድ ነው?»

እማ ከማድቤት እየሮጠች መጣች። «ፋጤስ? ፋጤ የት ናት?»

«ጋሽ አበጋዝ ቤት አይደለች?» አለ አባ።

«አዎ... አዎ፣ እዚያ ናት። አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!»

ወገኖቼ፣ እናቴ ስለ እኔ መትረፍ አላህን ስታመሰግን፣ እኔ ከነብሩ በላይ በሁለት ክንድ ከፍታ ላይ ተጋድሜ ሰማኋት። ያን ጊዜ «እማ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። አልመጣም። መምህሩ ፊት ቆሜ እንደሚጠፋው ጠፋ። ደግሞም ነብሩ ከሥሬ ነው፤ ድምፄን ቢሰማ መሰላሉ እንደቆመ ነው፣ ባይኖርስ ነብር ለመውጣት መሰላል ይፈልጋል?

ነብሩ በሩን አንዴ መታው። ሁለተኛ አልመታውም። ቤቱን ዞረ፤ በዞረ ቁጥር አንድ ነገር መሬቱን ይፍቃል፣ ብረት በድንጋይ ላይ ሲጎተት እንደሚሰማው ዓይነት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አየሁት። የፊት ግራ እግሩ አብጦ የሌላውን እጥፍ ሆኗል። መሐሉ ላይ ሽቦ ገብቶበታል፣ የሽቦው ጫፍ ተንጠልጥሎ መሬት ይጎተታል። የወጥመድ ሽቦ ነው። እዚያ እግር ላይ አይቆምም ነበር። ለካ ገደል ለገደል ዝንጀሮ ማባረር አቅቶት ነው ውሻ ለቀማ የወረደው። ከጎታው ኋላ ገብቶ ተኛና ቁስሉን መላስ ጀመረ። ያን አይቼ ትንሽ ተነፈስኩ። የሚልስ ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚበላ አይመስልም።

ስልኬ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበረች። ቀስ ብዬ አወጣኋትና ድምፅዋን አጠፋሁ። ከዚያ ለአባ ደወልኩ። ምን ልለው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ስልኩ ሲጠራ ስሜን አይቶ... አባ ፊደል አያውቅም፣ ግን የእኔን ስም መልኩን ያውቀዋል።

የአባ ስልክ ቤት ውስጥ ጮኸ። ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ኮቱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ። ነብሩ ከጎታው ኋላ ተወርውሮ ወጣና ኮቱን ከምሰሶው አወረደው። እኔ የስልኬን መዝጊያ በጣቴ ፈልጌ አጣሁት። ስልኩ ይጮኻል፣ እሱ ኮቱን ይቀዳድዳል። በመጨረሻ ተዘጋ። ነብሩ ኮቱ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ራሱን ቀና አደረገ። ቆጡን አየ። እኔን ይየኝ አይየኝ አላወቅሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሸሃዳዬን በልቤ አልኩ።

ስከፍት ወደ ጥጉ ተመልሷል።

የጋሽ አበጋዝን ቁጥር አልያዝኩም። አጥር ለአጥር የሆነን ሰው ቁጥር ማን ይይዛል? ከአባ ሌላ የያዝኩት የሰዓዳን ብቻ ነው፤ የጋሽ አበጋዝ ቁጥር እሷ ጋ አለ። ጻፍኩላት። «ሰዓዳ ቆጥ ላይ ነኝ። ነብር ገብቶ ሳያውቁ በላዬ ቆልፈውብኛል። ለጋሽ አበጋዝ ደውዪ። ለእኔ እንዳትደውዪ።» ላክሁት። አሠሪዋ ስልኳን ጠዋት ጠዋት ትቀበላታለች፤ የምትመልስላት ቤቱን ጠርጋ ምሳ ካበሰለች በኋላ ነው። ይህን አውቃለሁ። መልእክቱ ደርሷል የሚለው ምልክት አልመጣም። ስክሪኗን ደረቴ ላይ ገልብጬ ጠበቅሁ።

ውጭ ሰው በዛ። መንደሩ በሙሉ የመጣ ይመስለኛል። ሚሊሻው ይማም ጠመንጃውን ይዞ ደረሰ። ጋሽ አበጋዝም ከእርሻ መጡ። እማ አንድ ነገር ብቻ ትላቸዋለች፦ «ፋጤ እርስዎ ቤት ናት ጋሼ፣ እንዳትወጣ።» እሳቸውም ከእርሻ ነው የመጡት፣ ቤታቸውን አላዩት፤ «ደግ አደረገች» አሏት። የመዳኛዬ ሁሉ በር እንዲህ አንድ በአንድ ሲዘጋ እሰማ ነበር።

«በሩን ክፈቱለትና ዘወር በሉ» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «መንገድ የጠፋበት አውሬ ነው እንጂ ጠብ አልፈለገ። እናንተ ልጆች አታውቁትም። እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ገደል ነብር ነበረበት፣ ሌሊት ሲያገሳ እንሰማዋለን። ፍየል ይወስዳል፣ አዎ ይወስዳል። ዝንጀሮ ግን ከገደሉ ሥር ካለው ቁልቋል በታች ወርዶ አያውቅም ነበር። ማሽላችሁን ማን የሚጠብቅላችሁ ይመስላችኋል?»

«ሽማግሌው ለነብሩ ሽምግልና መጡ!» አለ እንድሪስ። ሰው ሳቀ። «ታዲያ የማንን ልጅ ነው የሚጠይቁለት?»

«ላንተ ልጅ ቢሆንማ አልጠይቅም ነበር» አሉት ጋሽ አበጋዝ፤ ሰው የባሰ ሳቀ።

ይማም «ስብሰባ ላይ ተነግሮናል» አለ። «ሰው ካልነካ አትተኩሱበት ተብለናል። ሰው ከነካ ሌላ ነው።»

«እስኪነካ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነዋ?» አለ እንድሪስ። «በርበሬ እናጢሰው። በገል ፍም አድርጉና በርበሬ በትኑበት፣ በበሩ ሥር ግፉት። ታፍኖ በሩ ሥር ይወድቃል፤ ያን ጊዜ እንከፍትና የሚሆነውን እናያለን።»

አባ «ቤቴን እንዳታቃጥሉት» አለ።

«ጭስ ነው፣ ጭስ ቤት አይበላም።»

ጭስ ወደየት እንደሚሄድ አንዳቸውም አላሰቡም። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቆጥ ላይ ማንም የለም ብለዋል።

የበርበሬ ጭስ የታጠነ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ደረት ውስጥ እሳት ነው። ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ፊቴን በሁለት ጆንያ መሐል ቀበርኩ። ነብሩ ከታች ያስነጥሳል፣ ይስላል። አሳሳሉ እንደ ሰው ነው፤ እንደ ሽማግሌ ሰው። ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ተሰማ። እኔ ሳሉን ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሳልኩ።

ነብሩ ከጎታው ኋላ ወጣና ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ማየቱን አውቃለሁ። ዓይኑ ከጭሱ የተነሣ ያለቅሳል፣ የእኔም ያለቅሳል። በሦስት እግሩ ቆሟል። መሰላሉ ከፊቱ ነበረ። አልወጣም። ትንሽ አየኝና መሬት ላይ፣ በመሰላሉ ሥር፣ አፍንጫውን በእግሮቹ መሐል ከቶ ተኛ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ አውሬ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽም። ግን ሁለታችንም ከአንድ ጭስ ነበር የምንሸሸው።

ስክሪኑ በራ። ሰዓዳ ናት፤ እንዳትደውዪ ያልኳት ድንግጥ ብላ ደወለች። ተዘጋ። ወዲያው ውጭ የጋሽ አበጋዝ ስልክ ሲጮኽ ሰማሁ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልክ ሲያነሡ ጂዳ ድረስ የሚሰማ ይመስል ይጮኻሉ።

«ሃሎ! ማን? ሰዓዳ? እንዴት ነሽ ልጄ፣ እኛ እንኳ ዛሬ... ምን? ... ማን ላይ? ... ቆጥ ላይ?»

«እሳቱን አውጡ!» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «በግሸኗ! ልጅቷ ውስጥ ናት! ፋጤ ውስጥ ናት!»

እናቴ ያወጣችውን ድምፅ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ጋሽ አበጋዝ ናቸው በሩን እንዳትከፍቱት ያሉት፤ የፈራ አውሬ በእሷ በኩል ይዘላል ብለው። ወንዶቹ በውጭ በኩል ጣራ ላይ ወጡና በላዬ ሣሩን ነቀሉት። ብርሃን ፊቴ ላይ ወረደ። የአባ እጅ መጣና ብብቴን ያዘ። ሲጎትቱኝ ማገሩ ላይ የታሰረው ሽቦ ክንዴን ከክርኔ ጀምሮ ሰነጠቀው። ሕመሙ አልተሰማኝም፤ ደሙን ያየሁት መሬት ካወረዱኝ በኋላ ነው። ቀሚሴ በደም ርሷል።

«ወይኔ ልጄን! ነክቷታል! ቧጭሯታል!» አለች እማ።

ሰው ከበበኝ። አርባ፣ ሃምሳ ወንድ። ራሴ ላይ ሻሽ የለም፣ ሻሼ ቆጥ ላይ ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ እዚያው ናቸው፤ ሊያዩኝ የማይገባቸው ሰዎች ሁሉ በዚያ መልኬ አዩኝ። ፊቴን እናቴ ደረት ውስጥ ደበቅሁ።

ጋሽ አበጋዝ ጎንበስ አሉ። «ፋጤ፣ ልጄ፣ አውሬው ነው ወይስ ጣራው? ንገሪኝ። ካልነካሽ በሩን እንከፍትለታለን።»

ይማምም መጣ። «ሰው ነክቶ ከሆነ ነው የምተኩሰው። ነክቶሻል?»

እንድሪስ እንኳ አንገቱን አስግጎ ጠጋ አለ። ያ ሁሉ ሰው የእኔን አንዲት ቃል ይጠብቃል። በዕድሜዬ ይህን ያህል ሰው ድምፄን ለመስማት ጠብቆ አያውቅም። «አልነካኝም»፤ ስድስት ፊደል ናት። ምላሴ ላይ አለች። የሽቦውን እግር ልነግራቸው እችል ነበር፣ መሰላሉ ሥር መተኛቱን ልነግራቸው እችል ነበር። ጉሮሮዬ ግን ተዘጋ። በርበሬው ነው እንዳልል፣ መሳል ችዬ ነበር።

ሼህ ዑመር ቀስ ብለው መጡ። ድምፃቸው ደግ ነበር፤ ይህን ልዋሽባቸው አልፈልግም። «ተዋት፣ አታስጨንቃት» አሉት ይማምን። «ልጃገረድ አደባባይ ላይ አትመልስም። ኒካህ ስናስር ‹ፈቅደሻል ወይ› ብለን እንጠይቅ የለ? ዝም ካለች እሺታዋ ነው። ልጃገረድ መልሷ ዝምታዋ ነው። ነክቷታል።»

«ነክቷታል» አለ እንድሪስ።

«ነክቷታል» አለ ሰው ሁሉ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ወላሂ ተናገርኩ። «አልነካኝም፣ አልነካኝም» አልኩ፣ ግን በእናቴ ደረት ውስጥ ነው ያልኩት። እማ ደረቷ ላይ ትንፋሼ ሲመታት ጊዜ «ልጄን ብርድ ያዛት፣ ኧረ ጋቢ አምጡ!» አለች።

ይማም ጣራው ላይ ወጣ። እኔን ባወጡበት ቀዳዳ ጠመንጃውን አስገባ። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ከሁለተኛው በኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከሦስተኛው በኋላ ምንም።

ጎትተው አወጡት። ወንዶቹ ፎከሩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ይማምን ራሱን ቅቤ ቀቡት፤ አሮጊቶች «እንዲህ ያለ ከአያቶቻችን ወዲህ አላየንም» አሉ። ልጆች የነብሩን ጺም ሊነቅሉ ተጋፉ። ሽቦውን ያዩት ቆዳውን ሊገፍፉ ሲሰናዱ ነው። የሞተር ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። «ማን ነው ያጠመደው?» አሉ ጋሽ አበጋዝ። ማንም የእኔ ነው አላለም። ጋሽ አበጋዝ ቁጭ ብለው ሽቦውን ከሥጋው ውስጥ በካራ አወጡት፤ የሞተ አውሬ የሚያመው ይመስል ቀስ ብለው። ከዚያ ክንዴን አዩ፣ የነብሩን ጥፍር አዩ፣ እንደገና ክንዴን አዩ። አንድ ብቻ መስመር ነው ያለኝ። ነብር ሲቧጭር አንድ መስመር አይሠራም። እሳቸው ገባቸው። ምንም አላሉኝም። መናገራቸው ይሻለኝ ነበር ወይስ ዝም ማለታቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ በአሥራ አምስት ቀናቸው ተመለሱ። እንድሪስ እንደ ጀግና ገባ። አባ ይህን ጊዜ ማድቤት መጥቶ ጠየቀኝ። «ምን ልበላቸው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ስል ፈገግ አለና ሊወጣ ተነሣ። የሼሁን ቃል አስቤ ደነገጥኩ። ኮቱን ያዝኩት፤ ነብሩ የቀደደውን ኮት ነው፣ እማ ሰፍታዋለች።

«አባ» አልኩት። «እኔ ዝም ካልኩ እምቢ ማለቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ቁጠረው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። ቆይቶ «እሺ» አለ። ወጥቶ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ሼህ ዑመር ግን ሲሄዱ አልተቆጡም። «አላህ የሚበጃትን ይስጣት» ብለው ሄዱ።

እናንተ የምታነቡ፣ ዓይን አፋርነት ጨዋነት ነው ብለው ያሳደጓችሁ ልጆች፣ እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት። እናቴን አልወቅስም። ሼሁንም አልወቅስም፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። እኔ የማውቀውን ግን እኔ ብቻ ነበር የማውቀው። ከዚያ ቤት ያየሁትን ይዞ የወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝም ስል ባዶ ቦታ ትቼላቸው ነበር፤ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ የራሱን ያስቀምጥበታል። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቢገባኝም ነብሩን አያስነሣልኝም።

በተከታዩ ዓመት መስከረም ላይ ዝንጀሮዎቹ መንጋ ሆነው ከቁልቋሉ በታች ወረዱ። የነብሩ መሞት ብቻ ነው ያመጣቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ብቻ ወረዱ። ቀድሞ ሦስት አራት ሆነው እየሰረቁ ይሸሹ ነበር። አሁን መንጋው በሙሉ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ልክ ገበያ እንደሚሄድ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይመጣሉ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ማሳ ላይ ይውላል። ከእኛ ቤት የምውለው እኔ ነኝ።

ዝንጀሮዎቹ ሴት መሆኔን ያውቃሉ። ወንድ ሲያዩ ሁለት እርምጃ ያህል ያፈገፍጋሉ፣ ሴት ሲያዩ ያንንም አይሉም። ትልቁ ወንድ ደረቱን ነፍቶ ከድንጋዩ ላይ ይቀመጥና ያየኛል። ወንጭፍ እወረውራለሁ። ቆርቆሮ እመታለሁ። እጮኻለሁ፤ አዎ፣ እኔ፣ ፋጤ፣ ከገደሉ ሥር ቆሜ እጮኻለሁ፣ ድምፄ ገደሉን መትቶ ይመለሳል። ጋሽ አበጋዝ ከእርሻቸው ሆነው «ጎሽ ልጄ፣ ጩኺ!» ይሉኛል።

ትልቁ ዝንጀሮ ከድንጋዩ አይወርድም። እስክደክም ይጠብቃል። ጉሮሮዬ ሲዘጋ፣ ቀስ ብሎ ይወርድና የማሽላውን አገዳ በሁለት እጁ ጎንበስ ያደርገዋል።